ደላላ ቤት ያግኝ፣ ካርታውን ሌላ ይመርምር

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ቤት ገዝቶ ለማከራየት ወይም አቆይቶ ለመሸጥ የተነሣ ሰው ገና ከጅምሩ ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ ወገን “ያለ ደላላ ቤት አይገኝም፤ በከንቱ አትድከም” ይለዋል። ሌላው ደግሞ “ደላላ ካለበት ቤት ራቅ፤ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገር” ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ሁለቱም ምክሮች ከተሞክሮ የመጡ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ጉዳዩን ደላላ ታማኝ ነው ወይስ አይደለም ወደሚል የጠባይ ክርክር ያወርዱታል። ጠባይ ደግሞ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ክርክሩ መቋጫ የለውም። ነገሩን ከክፍያው በኩል ማየት የተሻለ ይመስለኛል። ደላላ ሠራ የሚባለው ሥራ ሁለት ነው፦ የሚሸጥ ቤት ማግኘትና የተገኘው ቤት ሊገዛ የሚችል ስለመሆኑ ማረጋገጫ መስጠት። የመጀመሪያውን ከእሱ የተሻለ የሚሠራው የለም። ሁለተኛውን ግን የሚከፈልበት መንገድ ራሱ እንዳይሠራው ያደርገዋል። አዲስ ገዢ ለመጀመሪያው ሥራ ደላላን ሳያመነታ ሊጠቀም ይገባል፤ ለሁለተኛው ግን ወንድሙ ቢሆን እንኳ ሊተማመንበት አይገባም።

ከሳሪስ አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርደው የከተማዋ ጫፍ ለዚህ ክርክር ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የቤቱ ዓይነት ብዙ ስለሆነ ነው። አሮጌው አቃቂ በባቡር መስመሩና በፋብሪካዎቹ ዙሪያ ያደገ ከተማ ነው። ቃሊቲ የመጋዘን፣ የጉምሩክና የከባድ መኪና ሰፈር ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት የገላን፣ የቱሉ ዲምቱና የኮየ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ በእርሻ መሬት ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የበቀሉ ናቸው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር፣ ሩቅ ይባል የነበረው ሁሉ ዋጋ አወጣ። ዛሬ በአንድ ቀን ዙረት ገዢው ነባር ካርታ ያለው ቪላ፣ በሊዝ የተያዘ ቦታ፣ የማኅበር ቤት፣ የባንክ ዕዳው ያላለቀ ኮንዶሚኒየም፣ የአርሶ አደር ይዞታና ከነጭራሹ ሰነድ አልባ የሆነ ቤት ሊያይ ይችላል። ግድግዳቸው ይመሳሰላል፤ ሴራሚካቸውም እንደዚያው። ውልና ማስረጃ ፊት ሲቀርቡ ግን ስድስት የማይገናኙ ንብረቶች ናቸው። አንዱ ከሌላው እጅግ የረከሰበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከመኝታ ክፍሉ ብዛት ይልቅ ከወረቀቱ ነው፤ ለአዲስ ገዢ “ዕድል” ተብሎ የሚቀርብለትም አዘውትሮ ይኸው ወረቀቱ የሳሳ ቤት ነው።

ደላላውን ማለፍ ለምን እንደሚያስቸግር ለመረዳት አንድ የቤት ማሳየት ሥነ ሥርዓት መመልከት ይበቃል። በአገራችን የሚሸጥ ቤት ሁሉ የሚመዘገብበት፣ ለማንም ክፍት የሆነ የጋራ መዝገብ የለም። የትኛው ቤት ለሽያጭ እንደቀረበ፣ መሰሉ ባለፈው ወር በስንት እንደሄደ የሚያውቀው በየብሎኩ በር፣ በየሻይ ቤቱና በየሱቁ ደጃፍ የሚውለው ሰው ነው። በቴሌግራም የሚለጠፈው ፎቶም ቢሆን ከሥሩ ያለው ስልክ በአብዛኛው የደላላ ነው፤ “ደላላ አይደለሁም” ብሎ የሚለጥፍ ደላላም አይጠፋም። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ለማየት የተቀጠረ ገዢ ቱሉ ዲምቱ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሦስት ሰዎች ይጠብቁታል። አንደኛው እሱን ያመጣው ነው። ሁለተኛው ቁልፉን የያዘ ወይም ቁልፉ ያለበትን ዘበኛ የሚያውቅ የሰፈሩ ሰው ነው። ሦስተኛው፣ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ስልኩን የሚነካካው፣ የባለቤቱን ቁጥር የያዘው ነው። ዋጋ ሲጠየቅ ሁለቱ ወደ ሦስተኛው ያያሉ። ሻጩ በዚያ ቀን አይታይም፤ “ሰውዬው ክፍለ ሀገር ነው” ወይም “ውጭ ነው፣ እህቱ ናት ውክልናውን የያዘችው” ይባላል። ኮሚሽኑ በልማድ ከገዢም ከሻጭም ሁለት ሁለት በመቶ ነው፤ ድርድር አለበት፣ የተገኘውም ለሦስት ይከፈላል። በዚህ ሰንሰለት ማላገጥ ይቀላል። ሆኖም እያንዳንዱ ሰው ሌላው የሌለውን አንድ ቁራጭ መረጃ ይዟል፤ አዲስ ገዢ ይህን በእግሩ ልተካው ቢል ወራት ይፈጅበታል፣ በመጨረሻም የሚደርሰው እዚያው ሦስተኛው ሰው ጋ ነው።

ገበያው እንዲህ ከአፍ ወደ አፍ ብቻ የሚሄድ የሆነው በደላሎች ሤራ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረውም ከለከለ። ቤትን ገንዘብ ማቆያ የማድረግ ሐሳብ በአንድ ቀን ከሕግ ወጣ። በኋላ ቤት መሸጥና መግዛት ሲፈቀድ መሬቱ ባለበት ቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው አለ። እንግዲህ ሰው በውሉ ላይ የሚገዛው ቤቱን ነው፤ በልቡ ግን የሚከፍለው ለቦታው ነው። በሕጉና በልብ መካከል ያለው ይህ ክፍተት ማስታወቂያ አይወጣበትም፣ በሹክሹክታ ነው የሚሠራው። ደላላ ደግሞ የሹክሹክታ ባለሙያ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። 6 ሚሊዮን ብር የተጠየቀበት ቤት እንውሰድ፤ ከገዢው የሚጠበቀው ሁለት በመቶ 120 ሺህ ብር ነው። ደላላው ለገዢው ተከራክሮ 300 ሺህ ብር ቢያስቀንስ ከገዢው ከሚያገኘው የሚጎድለው 6 ሺህ ብር ብቻ ነው። ለሻጩ አድልቶ 300 ሺህ ቢያስጨምርም የሚያተርፈው ያው 6 ሺህ ነው፤ ለሦስት ሲካፈሉት ሁለት ሁለት ሺህ። ሽያጩ ከፈረሰ ግን 120 ሺሁ እንዳለ ይሄዳል። ስለዚህ በመቶኛ የሚከፈለው ደላላ ዋጋውን ወዲህም ወዲያም ለመግፋት የረባ ምክንያት የለውም፤ የሚያንገበግበው ነገር አንድ ነው፣ ውሉ ዛሬ መፈረሙ። ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን፣ ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። በቺካጎ አካባቢ የተሸጡ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ቤቶችን መዝገብ መርምረው፣ የቤት ሽያጭ ወኪሎች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኞቻቸው ቤት 3.7 በመቶ ያህል በሚበልጥ ዋጋ እንደሚሸጡና 9.5 ቀን ያህል ታግሠው እንደሚያቆዩት አገኙ። ፈቃድ ባለው፣ በሕግ በሚጠየቅ ወኪል አገር እንዲህ ከሆነ፣ ነገሩ የሰው ክፋት ሳይሆን የክፍያው ሒሳብ መሆኑን መቀበል ይኖርብናል።

ከመቶኛው ውጭ ሌላ ስምምነትም አለ፤ እሱ የባሰ ነው። ባለቤቱ “እኔ 5 ሚሊዮን ተኩል ይበቃኛል፣ ከዚያ በላይ ያመጣኸው ያንተ” ይላል። ያኔ የደላላው ጥቅም ከገዢው ጥቅም ጋር ብር በብር ይጋጫል። ሻጭና ገዢ እስከ ውሉ ቀን እንዳይገናኙ የሚደረገው ጥረት፣ ስልክ ቁጥር የሚደበቅበት ጥንቃቄ፣ ባለቤቱ ፊት “ስለ ዋጋ እንዳታነሣ” የሚል ማስጠንቀቂያ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ገዢው ቀብድ ከማስያዙ በፊት ባለቤቱን በአካል ማግኘትና ዋጋውን ከአፉ መስማት። ይህን የማይፈቅድ ደላላ ሲያጋጥም ምክንያቱን ለማወቅ መድከም አያስፈልግም፤ ቤቱን መተው ነው።

ጥድፊያው የት ላይ እንደሚጎዳ ከኮንዶሚኒየሙ እንጀምር፤ በዚህ አካባቢ አዲስ ገዢን የሚስበው እሱ ነውና። በዕጣ የደረሰን ቤት ባለዕድሉ አምስት ዓመት ሳይሞላው ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም፤ የባንክ ዕዳውም ካልተዘጋ ቤቱ በመያዣነት ታስሮ ይቆያል። ገበያው ግን አምስት ዓመት አይጠብቅም። የሚደረገው ይህ ነው፦ ገዢው ሙሉ ዋጋውን ይከፍላል፣ ሻጩ ውክልና ይሰጠዋል፣ ጊዜው ሲደርስ ስም ይዞራል ይባላል። “ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው” የሚለው የደላላው ማጽናኛ እውነትነት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር እንደሚችልና ወካዩ ሲሞት በመርህ ደረጃ ውክልናው እንደሚቋረጥ ይናገራል። በዚያ ቀን ገዢው የሚከራከረው ገንዘብ ከተቀበለው ሰው ጋር አይደለም፤ ስለ ሽያጩ ሰምተው ከማያውቁ ወራሾች ጋር ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ከተቀበለ ዓመታት አልፈዋል።

ቀብዱም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ሻይ ቤት ተቀምጦ በሁለት ምስክር ፊት የሚጻፈው የቀብድ ወረቀት ለገዢው ዋስትና ሆኖ ይሰማዋል፤ ሻጩ ቢያፈርስ እጥፉን እንደሚመልስ ሁሉም ያውቃል፣ ሕጉም ስለ ቀብድ እንደዚያ ይላል። ነገር ግን ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በቁጥር 1721 ደግሞ ለዋናው ውል የሚደረግ ቅድመ ውል የዋናውን ፎርም መከተል አለበት ይላል። የሻይ ቤቱ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ክርክር ስለ እጥፉ መሆኑ ይቀርና ውሉ ውል ነው ወይ ወደሚለው ይዞራል። በውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍም ሌላው የተለመደ ምክር ነው። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 በቤት ሽያጭ ጥቅም ላይ የተጣለው 15 በመቶና የስም ማዞሪያው 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ እንዲቀንስ ነው የሚባለው። አስተዳደሩ የራሱን ግምት ስለሚያወጣ የሚተርፈው ገንዘብ ብዙ ጊዜ እንደተወራለት አይሆንም። ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ ግን ገዢው በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በላይ መክፈሉን በምስክር ለማስረዳት ሕጉ በሩን ሊዘጋበት ይችላል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በበኩሉ አንደኛው የትዳር ጓደኛ ሳይስማማ የተሸጠ የጋራ ቤት ሽያጩ እንዲፈርስለት፣ መሸጡን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። “ሚስቱ አሜሪካ ናት፣ ችግር የለውም” የሚለው አባባል በዚህ አንቀጽ ፊት ውሃ አያነሣም።

የአቃቂ ቃሊቲን ነገር ከሌላው ክፍለ ከተማ የሚለየው ደግሞ ወሰኑ ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ኮየ ፈጬን ጨምሮ በተለያዩ ሳይቶች ያሉ ከ51 ሺህ በላይ የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ ቦታው የኦሮሚያ ነው የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ ርክክቡ ተጓተተ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰናቸው ላይ ስምምነት ላይ መድረሳቸውን አስታወቁ፤ በተከታዩ ዓመት የሸገር ከተማ ተቋቋመ፣ ኮየ ፈጬና ገላንም ከክፍለ ከተሞቹ መካከል ሆኑ። ለነዋሪው ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ለገዢው ግን የፋይል ጉዳይ ነው፦ ካርታውን ማን ሰጠው፣ ማኅደሩ ዛሬ በየትኛው ቢሮ ነው፣ ስም የሚያዞረውስ ማን ነው? በአርሶ አደር ይዞታ ላይ በመንደር ውል የተሸጠ ቦታ ሲሆን ጥያቄው ይባባሳል፤ የሸጠው ገበሬ የሸጠው የመጠቀም መብቱን እንጂ መሬቱን አይደለም፣ ያንንም ቢሆን ሕጉ እንዲህ እንዲሸጥ አይፈቅድለትም። በሊዝ የተያዘ ቦታም የራሱ ወጥመድ አለው። በሊዝ አዋጁ 721/2004 መሠረት ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ መብቱን የሚያስተላልፍ ሰው ከቦታው የዋጋ ልዩነት የሚወስደው ትንሽ ድርሻ ብቻ ስለሆነ፣ ሻጭ ይህን ለመሸሽ ውሉን ሌላ ስም እንዲሰጡት ይፈልጋል። እነዚህን ሁሉ የቱሉ ዲምቱ ደላላ አያውቃቸውም ማለት አይደለም። ያውቃቸዋል፤ መናገሩ ግን 120 ሺህ ብር ያስወጣዋል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። በዚህ ገበያ ጥርሱን የነቀለ ደላላ ከማንኛውም ወጣት ጠበቃ በላይ ካርታ አይቷል፤ የትኛው ወረዳ የሰጠው ማኅተም ጥያቄ እንደሚያስነሣ፣ የትኛው የማኅበር ቤት ውስጥ ውስጡን ክስ እንዳለበት ያውቃል፤ ታዲያ ለምን ለማያውቅ ሰው ይከፈላል? የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ነገር ግን ዕውቀት በሰው ጭንቅላት ውስጥ መኖሩና ለገዢው መነገሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጠበቃው ወይም ካርታ የሚመረምረው ባለሙያ ሽያጩ ቢፈርስም ቢጸናም ያው ክፍያ ይከፈለዋል፤ “አትግዛ” ማለት ምንም አያሳጣውም። ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ይህች አንዲት ቃል ናት፤ ደላላ በነፃ ሊሰጣት አይችልም። ጥሩ ስም ያለውና ነገም በዚያው ሰፈር የሚውል ደላላ ለስሙ ሲል አንዳንዴ ይናገራታል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች መኖራቸውን መካድ ሐሰት ይሆናል። አዲስ ገዢ ግን ገና አዲስ ስለሆነ ከሌላው ለይቶ አያውቃቸውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል፤ ደላላን ከነጭራሹ ትቶ ከሪል ስቴት ድርጅት ወይም ከመንግሥት በቀጥታ መግዛት ይሻላል የሚለው ነው። ታሪኩ ይህንን አይደግፍም። አክሰስ ሪል ስቴት ከብዙ ገዢዎች ቅድሚያ ክፍያ ሰብስቦ ለዓመታት ቤት ሳያስረክብ ሲቀር፣ ገዢዎቹ የፈረሙት በድርጅቱ የሽያጭ ቢሮ ተቀምጠው በማኅተም በተዋበ ውል ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው የ25,491 ኮንዶሚኒየሞች ዕጣም በመረጃ ቋቱ ላይ በተገኘ ማጭበርበር ተሰርዞ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጥቷል፤ ያ ደግሞ የከተማው አስተዳደር የራሱ ሥራ ነበር። በድርጅት ቢሮ ውስጥ ያለው የሽያጭ ሠራተኛም ቢሆን ከኮሚሽን የሚበላ ደላላ ነው፤ ልዩነቱ ክራቫት ማሰሩና የአንድ ሻጭ ብቻ መሆኑ ነው። በመሐል ያለው ሰው ሲወገድ የሚቀረው ኮሚሽኑ ነው፤ ወረቀቱን የመመርመር ሸክም እንዳለ ገዢው ትከሻ ላይ ይቆያል።

ከሁሉም በላይ ሊደመጥ የሚገባው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ብር ዋጋው በሚወርድበት ጊዜ መዘግየት ራሱ ኪሣራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲተው አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ያኔ ብሩን ባንክ አስቀምጦ ወረቀት ሲመረምር የቆየ ሰው ተጎዳ፣ ቸኩሎ የገዛው አተረፈ ሊባል ይችላል። ውጭ አገር ሆኖ በዘመድ በኩል የሚገዛውም ይህንኑ ይላል። ነገሩ ግን የሚነጻጸረው እንዲህ ነው፦ ማጣራቱ የሚፈጀው ቀናት ወይም ሳምንታት ነው፣ በዚያ ጊዜ ቤቱ ቢወደድ የሚያሳጣው ከዋጋው ጥቂቱን ክፍል ነው። ካርታው የተበላሸ ቤት ግን የሚያሳጣው ሙሉውን ነው፣ ያውም ከዓመታት የፍርድ ቤት ምልልስ ጋር። የዋጋ ግሽበት ቸኩሎ የገዛን የሚጠቅመው የገዛው ነገር በእርግጥ የራሱ ሲሆን ብቻ ነው። ደግሞም “ነገ ሌላ ገዢ ይመጣል” የሚለው ማስፈራሪያ ተመሳሳይ ብሎኮች ተደርድረው በቆሙበት ሰፈር ብዙም ክብደት የለውም።

ማጣራቱ በተግባር ምን ይመስላል? ሻጩ ራሱ አመልክቶ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከይዞታ አስተዳደር ቢሮ ያወጣል፤ ገዢው ወይም የገዢው ጠበቃ አብሮት ይሄዳል። በካርታው ላይ ያለው ስም፣ የቦታው ስፋት፣ የአገልግሎቱ ዓይነትና የይዞታው ዓይነት በማኅደሩ ውስጥ ካለው ቅጂ ጋር ይመሳከራል፤ ፎቶ ኮፒን ከፎቶ ኮፒ ጋር ማመሳከር ምንም አይጠቅምም። የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃው ይታያል። ቤቱ ቪላ ከሆነ ደግሞ አንድ መሐንዲስ አጥሩን ይለካ፣ ግድግዳውንም ይይ፤ የአቃቂ አካባቢ ሰፊ ክፍል ዝናብ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ በበጋ ደርቆ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው፣ መሠረቱ ለዚያ ካልተሠራ ስንጥቁ ከበር ጥግ ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። ለሽያጭ ሲባል በቅርብ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከሌላው ይልቅ መጠርጠር አለበት። ቦታው የአቃቂ ወንዝን የሚዋሰን ከሆነም የወንዝ ዳርቻ ልማቱ የት ድረስ እንደሚመጣ መጠየቅ ነው። ለእነዚህ ባለሙያዎች የሚከፈለው ተደምሮ ከደላላው ኮሚሽን የሚያንስ ነው፤ ሰው ግን ለመጀመሪያው ሲሳሳ ለሁለተኛው ሳያቅማማ ይከፍላል።

ገዝቶ ለማከራየት የሚያስበው ሰው አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለበት። ደላላ የኪራይ ገቢውን ሲያወራ በየስድስት ወሩ እየጨመረ የሚሄድ አድርጎ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ 1320/2016 ግን የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥና ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ የሚመለከተው አካል በሚወስነው ጣሪያ ውስጥ እንዲሆን አድርጓል። የተጋነነ የኪራይ ተስፋ ላይ ቆሞ የተገዛ ቤት ወረቀቱ ንጹሕ ቢሆንም ገንዘቡን በታሰበው ጊዜ አይመልስም።

መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ደላላውን ሥርዓት ያስይዘው የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው፤ አገሮች ያደረጉት ነገርም አለ። ኬንያ የቤት ወኪሎችን የሚመዘግብ ሕግ ያወጣችው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ወኪል የሰረቀውን ገንዘብ ለተጎጂው የሚተካ ፈንድ አላት። በእኛ አገር የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላን እንደ ነጋዴ አውቆት ነበር፤ ቤት የሚያሻሽጠው ሰው ግን ዛሬም በአብዛኛው ከስልክ ቁጥሩ ሌላ አድራሻ የለውም። ፈቃድና ምዝገባ ቢመጣ አጭበርባሪውን ያሳንሰዋል፣ የክፍያውን ሒሳብ ግን አይለውጠውም፤ በአሜሪካ የወኪሎቹ ብሔራዊ ማኅበር ሙሉ ፈቃድ ባላቸው አባላቱ የኮሚሽን አሠራር ተከስሶ በ2024 እ.ኤ.አ. 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱ ይህንኑ ያሳያል። ሒሳቡን ሊለውጥ የሚችለው ገዢው ከደላላው ጋር የሚፈርመው አጭር ወረቀት ነው። በውስጡ ማን ስንት እንደሚከፍል፣ ደላላው ከሻጩ የሚያገኘው ሌላ ነገር ካለ ምን እንደሆነ፣ ባለቤቱን ከቀብድ በፊት እንደሚያገናኝ፣ ኮሚሽኑም የሚከፈለው መቼ እንደሆነ ይጻፋል። ብዙዎቹ ደላሎች ክፍያው ካርታው በገዢው ስም እስኪወጣ መቆየቱን አይወዱም፣ ከኋላቸው ሁለት ሰው ድርሻውን እየጠበቀ ነውና። ግማሹ ውልና ማስረጃ ፊት ሲፈረም፣ ግማሹ ስም ሲዞር ቢባሉ የሚስማሙ ግን አሉ።